የማይሸጥ ማሽን

ልብስ አጣቢዋን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ማጣሪያ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ከሥራዋም ከጠባይዋም ነው። በሥራዋ፣ የደንበኛ ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱን ሁሉ ገልብጣ ታያለች። ሳንቲም ታገኛለች፣ ቁልፍ ታገኛለች፤ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታ በፖስታ አሽጋ ለባለቤቱ መልሳለች። በጠባይዋ ደግሞ ሰው የነገራትን ሦስት ጊዜ ሳታጣራ አትውጥም። «ደህና ነሽ?» ያላትን ሰው እንኳ «ምነው፣ ምን ሰማህ?» ትለዋለች።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ባሏ ሲሞት የተወላትን ጥሪት አሟጣ የመጀመሪያውን ማሽን ስትገዛ ሻጩ «ይኼ የልጅ ልጅሽን ልብስ ያጥባል» ብሎ ምሎላት ነበር። ማሽኑ ሁለት ዓመት እንኳ አልደፈነም። የዋስትና ወረቀቱን ይዛ ስትሄድ ሱቁ ጫማ ቤት ሆኖ ጠበቃት። ሁለተኛውም ማሽን፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። እያንዳንዱ ሲመጣ ያብረቀርቃል፣ ዓመት ተመንፈቅ ያጥባል፣ ከዚያ ከማርሹ አንዲት የላስቲክ ጥርስ ትረግፍና እሷ «መለዋወጫው አይገኝም፣ አዲስ ግዢ» ትባላለች። አሁን ከቤቷ ጀርባ ባለው ጠባብ ግቢ ውስጥ አምስት የሞቱ ማሽኖች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። ግቢውን «መቃብሬ» ትለዋለች።

በሕይወት የቀሩት ሁለት ነበሩ። እነሱንም የሚያኖራቸው ታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟን ሰው «ብሎን» ይለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ ብሎን አያጣም። ድሮ ሬዲዮ፣ ማራገቢያና ካውያ የሚጠግንበት የራሱ ሱቅ ነበረው። ሰው ማስጠገን ትቶ አዲስ መግዛት ሲለምድ ሱቁ ተዘጋ፤ እሱም የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ በየቤቱ የሚዞር ሆነ። የእህቱ ማሽን ሲቆም ይጠራል። ከማሽኑ ሥር ገብቶ እጁ በግራሶ ጠቁሮ ይወጣና «ኩሽኔታው ነው፤ አዲስ ያስፈልገዋል» ይላል። ኩሽኔታ ማለት በርሜሉ ሳይንገጫገጭ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ቀለበት ነው። የዕቃውንም የእጁንም ትሰጠዋለች፤ ይሠራዋል፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ አብረው ምሳ ይበላሉ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ግፋ ቢል በየወሩ፣ ይኼው ነው።

ወኪሏ የመጣችው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ፋይል በብብቷ የሸጎጠች ወጣት ናት። በሩ ላይ ቆማ ሁለቱን ማሽኖች አየች፣ በጓሮው በር አሻግራ አምስቱን ሬሳዎች አየች፣ ከዚያ «ማሽን ላስተዋውቅዎት ነበር» አለች።

«አልገዛም።»

«እኛም አንሸጥም» አለች ወኪሏ።

ጥግ ላይ ሸሚዝ የምትተኩሰው ሠራተኛ ካውያዋን አነሳች። ይህችን ሴት ሰፈሩ «ተኳሿ» ይላታል፤ የማያውቅ ሰው ጠመንጃ ያላት ይመስለዋል። ወሬ ስትሰማ ካውያዋን የማንሳት ልማድ አላት፤ አለበለዚያ የሰው ሸሚዝ ይቃጠላል።

«ካልሸጣችሁ ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለች እትዬ ማጣሪያ።

«ማሽኑ የእኛው ሆኖ ይቀራል። እዚህ እናቆመዋለን፤ እርስዎ የሚከፍሉት ላጠበበት ብቻ ነው። ቆጣሪ አለው። ቢበላሽ የምንጠግነው እኛ ነን፤ ቆሞ ለዋለበት ቀን ምንም አይከፍሉም። ሲያረጅ መልሰን ወስደን እንፈታታዋለን፣ የሚሆነውን አድሰን ሌላ ማሽን እንሠራበታለን። የሚጣል ነገር የለም።»

«እናንተስ ምን ታገኛላችሁ?»

«እስከሠራ ድረስ እናገኛለን። ሻጮች ብንሆን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ቶሎ ቢሰበር ይመቸን ነበር፤ ሌላ ይገዛሉ እኮ። እንዲህ ሲሆን ግን በተሰበረ ቁጥር የምንከስረው እኛ ነን። ስለዚህ እንዲቆይ አድርገን እንሠራዋለን።»

ነገሩ ልክ ነበር። እትዬ ማጣሪያን ያስፈራትም ልክ መሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን የት ጋ እንደሚያዝ ታውቃለች፤ ከዚህ ንግግር ግን የሚያዝ ጫፍ አጣች። «ወረቀቱን ትተሽልኝ ሂጂ» አለቻት።

ወረቀቱን ዘጠኝ ቀን አነበበችው። አጣጥፋ ከትራሷ ሥር አስተኛችው፣ ጠዋት መነጽሯን አድርጋ እንደገና ጀመረችው። ከኋላው ጽሑፍ ይኖር እንደሆነ ወደ መስኮት አንሥታ ብርሃን አሳየችው። ተኳሿ «እትዬ፣ ወረቀት እኮ ነው፣ ብር አይደል፤ ምን ታዪለታለሽ?» ብላ ሳቀችባት።

ብሎን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «እታለም፣ በፍጹም እንዳታደርጊው» አላት። «ዛሬ አንድ ያቆሙልሻል። ነገ ያለእነሱ መኖር ሲያቅትሽ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉታል። በቤትሽ የራስሽ ያልሆነ ማሽን ምን ይሠራል? ሲያዩት ያምራል፣ ሲበሉት ያቅራል!»

ይኼ እሷም ያሰበችው ነገር ነው። ግን የሚቀጥለው ወር ላይ አንዱ ማሽኗ ለአራት ቀን ቆመ፤ ደንበኛዋ የሆነው የእንግዳ ማረፊያ አንሶላው ስላልደረሰለት ተቆጣ፤ ሁለት ቤተሰብም ልብሱን ይዞ ወደ ሌላ አጣቢ ሄደ። እትዬ ማጣሪያ ወኪሏን አስጠራቻት። «አንድ ብቻ። ለስድስት ወር። ደስ ያላለኝ ቀን ከቤቴ ታወጡልኛላችሁ» አለች። ወኪሏ ይህንኑ በእጅ ጽሑፏ ወረቀቱ ላይ ጨምራ ፈረመችላት። ይህም አስጠረጠራት፤ ቶሎ እሺ ያለ ሰው የደበቀው ነገር አለ።

ማሽኑ መጣ። ግራጫ ነው፣ አያብረቀርቅም፣ ብሎኖቹ ሁሉ ከውጭ ይታያሉ፤ ያለ ችግር እንዲፈታ ተብሎ የተሠራ ነው። እትዬ ማጣሪያ ከጎኑ ግድግዳ ላይ በጠመኔ መሥመር መቁጠር ጀመረች፤ አንድ ባጠበ ቁጥር አንድ መሥመር። ሳምንቱ ሲያልቅ ከቆጣሪው ጋር አስተያየችው፤ እኩል ሆነ። መሀል ላይ አጥፍታ አየችው፤ ቆጣሪው አልጨመረም። ባዶውን አዞረችው፣ ከአቅሙ በላይ ጎሰረችው። ማሽኑ ምንም አልመሰለው። በወሩ የኩባንያው ቴክኒሻን ሳትጠራው መጣ። የእሷ እኩያ የሚሆን፣ ጸጉሩ ገብስማ፣ አፉ ቁጥብ ሰው ነው። የኋላውን ክዳን ከፈተ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ደህና የሆነች የጎማ ቀለበት አውጥቶ በአዲስ ቀየራት።

«ያልተበላሸውን ለምን ይቀይሩታል?» አለችው።

«ሳይበላሽ ነዋ መቀየር። ይቺን ወስደን ለሌላ ሥራ እናውላታለን።»

ሲሄድ ተኳሿን «ያልታመመን ሰው የሚያክም ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። የሆነ ነገር እየጠበቀች ነው። ማሽኑ ደህና በዋለ ቁጥር ጥርጣሬዋ ባሰባት። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቆመም። ሁለቱ አሮጌዎች ግን ከምንጊዜውም በላይ ይታመሙ ጀመር፤ ብሎን በየሳምንቱ ይመላለሳል፣ እንደገባም አንድ ጊዜ ግራጫውን ማሽን በዓይኑ ይወጋዋል።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ እሷ አንሶላ ለማድረስ ወጥታ ስትመለስ ግራጫው ማሽን ሞተሩ እያፏጨ በርሜሉ ግን ቀጥ ብሎ አገኘችው። እውነት ለመናገር ደስ አላት። ኩባንያው ጋ ደወለችና «ይኸው! ጊዜው ሲደርስ ያው ሆነ አይደል?» አለች። ከማዘን ይልቅ የፎከረች ትመስል ነበር።

ቴክኒሻኑ በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩንና በርሜሉን የሚያያይዘውን ቺንጋ አወጣ። ለሁለት ተበጥሷል። ወደ ደጅ ወስዶ በብርሃን አየውና መጥቶ አሳያት። «ቺንጋ ሲያልቅ ይቦጫጨቃል። ይኼ ግማሹ ድረስ እንደ ገመድ የተቆረጠ ነው። የቀረውን ግማሽ ነው ማሽኑ ራሱ የበጠሰው። ሰው በምላጭ ነክቶታል» አላት።

«እርስዎ ነዎት የቆረጡት» አለችው ሳታመነታ።

ሰውዬው አልተቆጣም። «እኔ ምን አገኛለሁ? ቆሞ በዋለ ቁጥር መሥሪያ ቤቴ ምንም አይከፈለውም። እዚህ ድረስ የመጣሁበትም በከንቱ ነው።»

እዚህ ላይ እትዬ ማጣሪያ ወጥመድ አሰበች። ከአሮጌዎቹ አንዱ ከትናንት ወዲያ ቆሟል። ብሎን አይቶት «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሏታል። ቴክኒሻኑ ሌላ ነገር ቢናገር ውሸታምነቱ ይያዛል። «እስቲ ሙያ ካለዎት ይኼ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ» አለችው።

ይህ የሰውዬው ሥራ አልነበረም፤ ቢሆንም ተንበርክኮ ፈታው። ሞተሩን በሽቦ ሞከረው፤ ወዲያው ዞረ። ከዚያ ከበርሜሉ ኋላ ኩሽኔታውን አውጥቶ በጨርቅ ጠረገና መዳፏ ላይ አኖረላት። ዝገቱ በግራሶ ተሸፍኗል። በጣቷ ብታዞረው እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ።

«ይኼ እኮ አዲስ ነው» አለች። «ከሦስት ሳምንት በፊት ነው የተገዛው።»

«አይደለም። ከሌላ አሮጌ ማሽን የወጣ ነው። ከአራቱ ብሎኖችም ሁለቱ ሳይጠብቁ ነው የተተዉት።» ቀጠለና «ይህን ያስገባ ሰው ሙያውን ያልቻለ አይምሰልዎት። በደንብ ይችላል። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አስቦ ነው ያስገባው» አላት።

እትዬ ማጣሪያ ኩሽኔታውን እንደጨበጠች ወደ ጓሮ ወጣች። ከአምስቱ የሞቱ ማሽኖች የመጀመሪያውን፣ ሻጩ ምሎ የሸጠላትን፣ ከኋላው አየችው። የኩሽኔታው ቦታ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። አራተኛውም ባዶ። ስትመለስ ተኳሿ ካውያዋን አንሥታ ወለሉን ታያለች።

«ትናንት ማን ነበር እዚህ?» አለቻት።

«እትዬ፣ በእህትና በወንድም መሀል እኔ ምን…»

«ማን ነበር?»

«ወንድምሽ። ሽንት ቤት ሄጄ ስመለስ ከግራጫው ኋላ ተነሣ። ብሎን ወድቆብኝ ነው አለኝ።»

ቴክኒሻኑ አዲስ ቺንጋ አስገብቶ ሄደ። እሷ የዚያን ቀን ሥራ አልሠራችም። በወንበሯ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ዘጠኝ ቀን እንዴት እንዳነበበች፣ ግድግዳው ላይ ስንት መሥመር እንደደረደረች ታስባለች። ዓለምን ሁሉ በወንፊት ስትነፋ አንድን ሰው ብቻ ሳትነፋው አሳልፋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ ያሳደገችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ብሎን ሞተሩን ሊያይ መጣ። እንደ ወትሮው ምሳ አቀረበችለት። ሲቀመጥ ኩሽኔታውን ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው።

አየው። እጁን ሳያነሣ ቀረ።

«ስንት ጊዜ ነው?» አለችው።

«አልቆጠርኩም።»

«ቺንጋውንስ?»

«እሱን አንድ ጊዜ ነው።» አንገቱን ደፋ። «ቢበላሽ ታባርሪያቸዋለሽ ብዬ ነው።»

«እኔን? እኔን እኮ ነው ብሎን! የሰፈሩ ሌባ ቢሠራኝ ምን ነበረበት?»

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ኩሽኔታውን አንሥታ በመዳፏ ጨበጠችው።

«ሱቄ ሲዘጋ መሣሪያዬን ሸጬ ዘበኛ ልሆን ነበር። ያኔ የአንቺ ማሽን ቆመ። ጠራሽኝ፣ ሠራሁት፣ ደግሞ እንዳይበላሽ አድርጌ ነው የሠራሁት። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ማንም አልጠራኝም። አንቺም አልጠራሽኝም። ራሴን አጣሁት። ሰው የቆየ ነገሩን ሁሉ ሲጥል እኔንም አብሮ ጥሎኛል። ኋላ ላይ ሲበላሽ ግን…» አለና ሳህኑን ገፋ አደረገው። «መጀመሪያ ላይ አንዱን ብሎን ሳላጠብቀው ቀረሁ። እንዲያው ረስቼው ነው፤ በእናታችን እልሻለሁ፣ የመጀመሪያው ረስቼው ነው።»

«ውጣልኝ» አለችው።

ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ምሳው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ለወኪሏ ደውላ «ቺንጋችሁን የቆረጠው የእኔው ሰው ነው። ዋጋውን ጻፉብኝ» አለቻት። ወኪሏ «እውነት ነው እትዬ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ድምፅዋ ውስጥ ጥርጣሬ ነበር። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሰው በራሱ ላይ ለምን ይመሰክራል ብላ ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ማጣሪያ በልቧ «ጎሽ፣ ገና ልጅ ነሽ ግን ትደርሻለሽ» አለች።

ንዴቷ አልበረደም። ግን ከንዴቱ ሥር አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር። ሻጮቹ ሲሰበር ይጠቀማሉ ብላ ስትረግማቸው ኖራለች። ወንድሟንስ ማን ነው ሲሰበር ብቻ የሚበላ ያደረገው? ለደህናው ማሽን አንድ ቀን ከፍላ አታውቅም። የከፈለችው ሁሉ ለብልሽቱ ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የኩባንያውን ወረቀት አወጣችና በሌላ ወረቀት ላይ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ በራሷ ቃል ጻፈች። ከዚያ ወንድሟ የሚኖርበት ክፍል ሄደች። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተፈታታ ማራገቢያ። ሲያያት ቆመ። ወንበሩን ሰጥቷት እሱ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«አንብበው» አለችው።

ወረቀቱ አጭር ነው። ሁለቱ አሮጌ ማሽኖች በሠሩበት ቀን ሁሉ ብሎን ይከፈለዋል፤ ቢመጣም ባይመጣም። በቆሙበት ቀን አይከፈለውም። መለዋወጫ እሷ ራሷ ትገዛለች፤ አሮጌውን አውጥቶ በእጇ ያስረክባታል። ከጓሮው ሬሳ አንዱን ማስነሣት ከቻለ ለሱም እንደዚያው ይታሰብለታል።

ብሎን አንብቦ ጨረሰና ወረቀቱን ገለበጠው። ወደ መስኮቱ አንሥቶ በብርሃን አየው።

«ምን ትፈልጋለህ ከኋላው?» አለችው።

«ምኑን ነው የደበቅሽው? ካልተበላሸ ትከፍዪኛለሽ? ሳልሠራ?»

«እንዳይበላሽ ትሠራለህ።»

«ብቀመጥስ? ቤቴ ተኝቼ ብውልስ?»

«ደህና ከዋለ ተኛ።»

«ምሳውስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ምሳው ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ምሳ በወረቀት ይጻፋል እንዴ? እየመጣህ ትበላለህ» አለችና ፊቷን ወደ ማራገቢያው አዞረች።

ወዲያው አልፈረመም። አራት ቀን አቆየው። ተኳሿ ስትሰማ «የአንድ እናት ልጆች ለመሆናችሁ ምስክር አያሻም» ብላ ሳቀች። በአምስተኛው ቀን ቦርሳውን ይዞ መጣና ሁለቱንም ማሽኖች ወለሉ ላይ ዘረገፋቸው። የቀየረውን ሁሉ፣ እያንዳንዷን ቀለበትና ብሎን፣ ጨርቅ ላይ ደርድሮ አሳያት። አንዳንዱን ስታይ ዓይኗ ቀላ። እሱም አላስተባበለም። ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ተገጥመው ሲዞሩ ድምፃቸው እንግዳ ሆነባት፤ ለካ እነዚህ ማሽኖች ሳይንገጫገጩ መሥራት ይችሉ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቀና ነው ማለት አይቻልም። የኩባንያው ቴክኒሻን ከብሎን ጋር ሲገናኝ ሰላምታውን በራሱ ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ ስለ ቺንጋው አንድም ቀን አላነሣም፣ ግን አልረሳም። ግራጫው ማሽን ስድስት ወሩ አልቆ ቆየ፤ እትዬ ማጣሪያ ሁለተኛ እንዲጨመርላት አልጠየቀችም፣ ይውጣልኝም አላለችም። ከመቃብሩ ሦስተኛው ማሽን ተነሣ። አምስተኛው ሊነሣ ሲል የላስቲክ ጥርሱ ምትክ ጠፋ፤ ብሎን ከብረት ሊያስቀርጽለት ሞክሮ ሁለት ጊዜ አበላሸው። ለሱም ድካም ማንም አልከፈለውም፤ ወረቀቱ እንደዚያ ነዋ።

በክረምቱ መሀል አንደኛው አሮጌ ማሽን ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። ብሎን ሳይጠራ፣ ጃኬቱ በዝናብ እንደራሰ፣ በጠዋት መጣ። የቆመበት ቀን ለሱም ኪሳራው ነው። ከማሽኑ ሥር ገባ። እህቱ የእጅ ባትሪ ይዛ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና የሚፈታውን፣ የሚያወጣውን፣ መልሶ የሚያስገባውን እያንዳንዱን ነገር ታያለች። አንዱን ብሎን ሲያጠብቅ «እሱን ድገመው» አለችው። ደገመው።

«አሁንም አታምኚኝም አይደል፣ እታለም?» አላት ከሥር ሆኖ።

«ገና ነኝ» አለችውና ባትሪውን አስጠጋችለት።